አሥራ አንድ ቤት የገባው ቁም ሳጥን

ጥቅምት 4 ቀን

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ፣ ለእኛዋ ቆጣሪ፤

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔው ራሴ ነኝ፤ በገዛ እጄ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ አንድም ፊደል ሳልሰርዝ። እሺ፣ በአንድ ትንፋሽ እንኳ አይደለም፤ አራት ቀን ፈጅቶብኛል። የተሰረዘውንም በዓይንሽ እያየሽው ስለሆነ አልከራከርሽም። እጁ ግን የእኔ የአናጢው ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ አምላክ ይመስገን ደህና ነን። ሰላምታችን መንገድ ሳይጠፋው፣ ዝናብ ሳያርሰው ከደጃፍሽ ይድረስ። እናቴ፣ ያንቺም አሳዳጊ፣ "በሰው ፊት ሞገስ ይስጣት፣ የያዘችው ይባረክላት" ብላ መርቃሻለች። የስኳር መርፌዋን ጠዋትና ማታ ትወጋለች። ምላሷ ምንም አልታመመም፤ ከእሱ ጋር ነው የምኖረው።

ስትሄጂ "እንደደረስኩ እጽፋለሁ" ብለሽ ነበር። ይኸው ስድስት ዓመት። ምናልባት ጽፈሽ እኔ ማንበብ ስላልቻልኩ ይሆናል እያልኩ ራሴን ሳጽናና ኖሬአለሁ። አድራሻሽን የሰጠኝ አጎታችን ነው። "ትልቅ ቢሮ ነው የምትሠራው፤ ምን እንደምትሠራ ግን ስትጠየቅ ወሬ ትቀይራለች" አለኝ። እኔ ክፉ አላሰብኩም። ትንሽ ብቻ አሰብኩ።

ከድንኳን ወጥተን ቤት ከገባን ሁለት ዓመት ሆነን። ባለ ሁለት ክፍል፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ የፊትና የኋላ በር ያለው። ስማችንም ተሻሽሏል፤ ስደተኛ መባላችን ቀርቶ ሰፋሪ ተብለናል። እኔ ከአናጢዎች መጋዘን እሠራለሁ፤ ከሥራ ስወጣ የማታ ትምህርት እገባለሁ። በክፍላችን አንደኛ ነኝ። ሁለት ጎበዞች አቋርጠው ሄደዋል፤ ይህን ማንሳት ግን አስፈላጊ አይመስለኝም።

ደግሞ አንድ ቁም ሳጥን ሠርቻለሁ፤ ያየው ሁሉ አፉን ይይዛል! ሁለት በር አለው፤ ሁለቱም በሮች ላይ መስታወት። ቆመሽ ስታይው ሁለት ሰው ትሆኛለሽ። መስታወቱን የውሃ ቦቴ ሾፌሩ ነው ከከተማ ያመጣልኝ፤ ይህንንም ደብዳቤ ፖስታ ቤት የሚያደርስልኝ እሱ ነው። ከቻልሽ አራት ጠንካራ ማጠፊያና አንድ ቆርቆሮ ቫርኒሽ ላኪልኝ። ደብተርም እንዲሁ፤ እዚህ የምንጽፈው በአሮጌ ወረቀት ጀርባ ላይ ነው።

አክባሪ ወንድምሽ፣ አናጢው


ኅዳር 21 ቀን

ለአክስቴ ልጅ፤

ሰላምታዬ ለአንተም ላሳደገችኝ ለእትዬም እኩል ይድረስ። ጤናችሁን እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ።

ደብዳቤህ በደረሰኝ ቀን ደስ ሊለኝ ነበር፤ ከዚያ ግን ተቀምጬ ደግሜ አነበብኩት። እኔ የማውቀው የአክስቴ ልጅ መፈረም ሲያስፈልገው አውራ ጣቱን ቀለም የሚነክር ሰው ነው። ጉራው የእሱን ይመስላል፤ ጉራ ግን ሰው አስጽፎም ይላካል። ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅ። እትዬ ቤት፣ ከበሩ ጎን ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ የነበረው ዕቃ ምን ሆነ? ማን ምን አደረገ? ማንስ ምን አለ? ይህን ከሦስታችን ሌላ የሚያውቅ የለም፤ በትክክል ደግሞ የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን።

በተረፈ ስለ ኑሯችሁ በዝርዝር ጻፍልኝ። በቤታችሁ ውስጥ በቋሚነት የሚያድሩ ሰዎች ስንት ናቸው? ባለፉት ሰባት ቀናት ውስጥ በቀን በአማካይ ስንት ጊዜ ተመገባችሁ? በቤቱ ውስጥ ልብስና ዕቃ ማስቀመጫ አለ? ካለስ የግል ነው ወይስ የጋራ? ለምን ትጠይቂያለሽ አትበለኝ። ናፍቆት ነው።

ሁለት ደብተር ልኬአለሁ። ማጠፊያውና ቫርኒሹ ይቆዩ።

የአክስትህ ልጅ


ታኅሣሥ 9 ቀን

ይድረስ ለቆጣሪዋ፣ ወይም በእሷ ስም ለምትጽፊው ሴት፤

ሰላምታ እንደ ደንቡ ይድረስሽ። ስንት ሰላምታ እንደሆነ አንቺው ቁጠሪው።

ፈተናሽን ልለፍ። ግድግዳው ላይ የነበረው መስታወት ነው። በኳስ የሰበርሽው አንቺ ነሽ። እናታችን ስትመጣ ከበሩ ጀርባ ተደብቀሽ ስትንቀጠቀጪ "እኔ ነኝ፤ ያውም በአንድ ምት!" ብዬ ደረቴን የነፋሁ እኔ ነኝ። ሳምንት ሙሉ በሆዴ ነው የተኛሁት። ይበቃሻል ወይስ የቀበቶውን ቀለም ልጨምር?

አሁን ተራው የእኔ ነው። ደብተርሽ ከመድረሱ በፊት ፊደል የለየሁት በምን ወረቀት ላይ መሰለሽ? ሊመረምሩን የሚመጡ ሰዎች ትተውት በሚሄዱት የተረፈ መጠይቅ ላይ! ጀርባው ላይ እንጽፋለን፤ ጀርባው ሲሞላ አስተማሪው "ገልብጡት፣ ፊቱን አንብቡ" ይለናል። ሌላው ሰው ስለ ላምና ስለ በግ እያነበበ ነው ፊደል የሚቆጥረው፤ እኔ የቆጠርኩት "ባለፉት ሰባት ቀናት ውስጥ" እያልኩ ነው። ጥያቄ 14 "በቤቱ ውስጥ ልብስና ዕቃ ማስቀመጫ አለ? ካለስ የግል ነው ወይስ የጋራ?" ይላል። ቃል በቃል፣ ከነነጥቡ፣ ያንቺ ደብዳቤ ውስጥ ቁጭ ብሏል።

እኔ ናፍቆት አውቃለሁ። "በአማካይ" አይልም።

ማን ነሽ? ለማን ነው የምትጽፊው? ፖስታሽም ሁለት ጊዜ ተለጥፏል፤ የመጀመሪያው ሙጫ ደርቆ በላዩ አዲስ ተቀብቶበታል። የእንጨት ሙጫ የማውቅ ሰው ነኝ፤ በወረቀት ሙጫ አታታልይኝም። ወይ ሾፌሩ ከፍቶታል፣ ወይ የኮሚቴያችን ሊቀመንበር። ሊቀመንበሩ ትናንት መጋዘን መጥቶ መጋዜን ሲዳብስ ቆየና፣

"ደብዳቤ አብዝተሃል አሉ" አለኝ።

"ዘመድ ነው።"

"ዘመድ ጥሩ ነው። ዘመድህ ምን ትጠይቃለች?"

"'ትጠይቃለች' አሉኝ እንዴ? ሴት መሆኗን ማን ነገረዎት?"

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። የሁለታችንም ሳቅ አላማረም።

መጠይቅ የያዙት እንግዶች በነሐሴ መጥተው ሁሉንም ጠይቀው፣ ፎቶ አንስተው ሄደዋል። ዳግመኛ በዘመድ በኩል መጠየቅ ለምን አስፈለገ? መልስ አልሰጥሽም። እናቴ ደህና ናት። ይህኛው ስንተኛ ጥያቄ እንደሆነ አላውቅም።

አናጢው


ጥር 17 ቀን

ለወንድሜ ለጥሩንባው፤

ሰላም ለአንተ። ለእትዬ ጉልበቷን ስሜአለሁ በልልኝ፤ በዚህ ጊዜ ደንብ ለመሙላት አይደለም።

መስታወቱን ያወቀ ሰው አንተ ነህ። ድሮ ያወጣሁልህ ስምም ዛሬ ሲያንስህ ነው። ስለዚህ እውነቱን ልንገርህ። ፖስታውን ሁለት ጊዜ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ከዘጋሁት በኋላ ፈራሁና ከፍቼ አንድ ገጽ አወጣሁ። ያ ገጽ ይኸው፤ እንደገና ጻፍኩት።

የምሠራው የሰፈራ ፕሮግራሞችን በሚከታተልና በሚገመግም ክፍል ነው። እኔ ራሴ ሜዳ አልወጣም። የወጡት ሰዎች ያመጡትን መጠይቅና ፎቶ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አመሳክራለሁ። ደብዳቤህ ሊደርሰኝ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የእናንተ ሰፈራ ፋይል እኔ እጅ ወደቀ። የዘመድ ፋይል መያዝ አይፈቀድም። ለአለቃዬ መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም። አንድ ነገር ዓይኔን ስለያዘው ነው።

በዕጣ የተመረጡ አሥራ አንድ ቤቶች ፎቶ አለ። በአሥራ አንዱም ውስጥ ባለ ሁለት መስታወት ቁም ሳጥን ቆሟል። ሪፖርቱ "የቤት ዕቃ ይዞታቸው ከሚጠበቀው በላይ ነው" ይላል። መጀመሪያ ጎበዝ አናጢ አላቸው አልኩ። ከዚያ እንደ ልማዴ ቆጠርኩ። እስከ አራተኛው ቤት ድረስ መስታወቱ ደህና ነው። ከአምስተኛው ጀምሮ የግራው በር ላይኛው ጥግ ላይ ስንጥቅ አለ፤ ሦስት ቦታ የተከፈለ፣ እንደ ወፍ እግር። ሰባት ቁም ሳጥን እንዴት በአንድ ቦታ፣ በአንድ ቅርጽ ይሰነጠቃል? ዘጠነኛው ቤት ላይ በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጡ ግራጫ ሻርፕ ተሰቅሏል፤ ጫፉ በቀይ ክር የተጠቀመ። ያንን ክር የጠቀምኩት እኔ ነኝ፣ በእትዬ መርፌ።

እዚያ ላይ ስደርስ ነው የአንተ ደብዳቤ የመጣው፤ "ቁም ሳጥን ሠርቻለሁ" እያለ። እንዴት አልጠርጥርህ?

አሁን ዋናውን ስማ። የሪፖርቱ መደምደሚያ ሰፋሪዎቹ በራሳቸው ቆመዋል የሚል ነው። በራሱ የቆመ ሰፈራ ጤና ጣቢያ አይመደብለትም። መጋቢት 30 ቀን ይዘጋል፤ ዕቃው ወደ ሌላ ሰፈራ ይጫናል፤ ሕመምተኛው ከተማ ሆስፒታል ሄዶ ይታከማል ተብሏል። እትዬ መርፌዋን የት ነው የምታስቀምጠው? በመጀመሪያው ደብዳቤህ አልጻፍክም። ይህንን መልስልኝ። ቁም ሳጥኑን ማን ነው የሚያዞረው? አንተስ ከእነሱ ጋር ነህ ወይ?

የአክስትህ ልጅ


ጥር 28 ቀን

ይድረስ ለእህቴ፤

ሰላምታውን በአጭሩ ተቀበይኝ፤ እየቸኮልኩ ነው። ፊደሉ የተጣመመው በዚያ ምክንያት ነው፣ አለማወቅ እንዳይመስልሽ።

መድኃኒቷ የሚቀመጠው ጤና ጣቢያው ፍሪጅ ውስጥ ነው። ላይኛው መደርደሪያ፣ በስተቀኝ፣ ስሟ የተጻፈበት ነጭ ፕላስተር ያለበት ብልቃጥ። ፕላስተሩ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በሕይወቴ የመጀመሪያው ጽሑፌ ነው። በሰፈራው ውስጥ መብራት ያለው ያ ቤት ብቻ ነው፤ ጣሪያው ላይ የፀሐይ መስታወት አለ። እኛ ቤት ቆርቆሮው ሥር በቀትር ሻማ ይታጠፋል። ከተማው የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ነርሷን ሄጄ ጠየቅኳት።

"መድኃኒቱ ቤት ቢውልስ?"

"ይበላሻል።"

"እና ብትወጋውስ?"

"ውሃ እንደመውጋት ነው" አለችና ዓይኔን ሸሸችው። እሷም የመዘዋወሪያ ደብዳቤዋ ደርሷታል፤ ለሰው እንዳትናገር ተብላለች።

የቁም ሳጥኑን ነገር ልንገርሽ። እንግዶቹ የሚገቡበትን ቤት ቁጥር የያዘው ዝርዝር ለሊቀመንበሩ በዋዜማው ይደርሰዋል፤ ሰው ቤቱ እንዲቆያቸው ተብሎ። ሊቀመንበሩ ሰበሰበንና "ሁለት ዓመት ሙሉ ቤት ሰጥተውን ባዶ ግድግዳ እናሳያቸው? ሰነፎች ናቸው ብለው ነው የሚተዉን። የሚሠራ ሰው ነው የሚረዳው" አለ። ሁላችንም አምነነዋል፤ እሱም አምኖት ነው። የሱም ሚስት በደም ግፊት ከዚያው ጤና ጣቢያ ነው የምትታከመው። ጥያቄ 14ን በቃሌ ስለማውቅ "ማስቀመጫ ይጠይቃሉ" ያልኩትም እኔ ነኝ፤ ይህን ልደብቅሽ አልችልም።

ሥራው እንዲህ ነበር። እንግዶቹ አንዱ ቤት ተቀምጠው፣ ሲጠይቁ፣ ፎቶ ሲያነሱ፣ ሊቀመንበሩ በፊት በር ጨዋታ ያበዛላቸዋል፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ወገቡ። በኋላ በር አራት ሰው ቁም ሳጥኑን ተሸክሞ ይወጣና በጓሮው መተላለፊያ ቀጣዩ ቤት ይገባል። የእናቴን ሻርፕ ማውጣት ማንም አላሰበም። አንዷ እንግዳ ሰባተኛው ቤት ላይ "እዚህ ሰው ሁሉ ተመሳሳይ ነገር ነው የሚወደው" እያለች ጻፈች። ሊቀመንበሩ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

እና ስንጥቁ? ስንጥቁን ሆን ብዬ ያደረግኩት እኔ ነኝ! ነገሩ ከጅምሩ አልጣመኝም። ተሸካሚዎቹ አምስተኛው ቤት ጓሮ አውርደው ሲያርፉ ቀስ ብዬ ቀረብኩና በመዶሻ ጫፍ፣ ላይኛው ጥግ ላይ ጠቅ። አንድ ጊዜ ብቻ። ያን መሳይ መስታወት በገዛ እጄ! የሚያይ ዓይን ካለ ይየው ብዬ ነው። ይኸው ያንቺ ዓይን አየው። ለሊቀመንበሩ አልተናገርኩም። ልትጽፊው ትችያለሽ።

ማጠፊያም ቫርኒሽም አልፈልግም። ፍሪጁ አይነሳብን።

ወንድምሽ


የካቲት 15 ቀን

ለወንድሜ፤

ለአንተም፣ ለእትዬም፣ ለቤቱም ሰላም ይሁን።

ለአለቃዬ ሁሉንም ነገርኩት፤ ዘመዶቼ መሆናችሁን ጭምር። ፋይሉን ተነጥቄአለሁ፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ተጽፎልኛል። ይገባኛል። ደብዳቤህን ግን ከነስርዙ አያይዤ ሰጥቼአለሁ፤ በስብሰባ ላይ ጮክ ተብሎ ተነበበ። ስለ ፍሪጁ ሲነበብ አንዱ እንዲደገም ጠየቀ። ስለ ሳሉ ሲነበብ ሳቁ። ስለ መዶሻው ሲነበብ አለቃዬ ብዕሩን አነሳና "ነዋሪው ራሱ ሆን ብሎ ምልክት አድርጓል" ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩም አሰመረበት።

የጤና ጣቢያው መዘጋት ለጊዜው ታግዷል። ሦስት አጣሪዎች ይመጣሉ፤ ቀኑን አልነግርህም። አዎ፣ አንተንም ጭምር አላምንም፤ ሥራዬ ነው። የቤት ቁጥርም አስቀድመው አይልኩም። መጀመሪያ የሚያደርጉትን ግን አውቃለሁ። ሰዉን ሰብስበው "ይህን መስታወት ማን ሰነጠቀው?" ብለው ይጠይቃሉ። አንተ እንደጻፍከው ከሆነ ሊቀመንበሩ አታላይ፣ አንተ ምስክር ትሆናላችሁ። እሱም ከኮሚቴው ይወጣል።

ከሕፃንነትህ ጀምሮ አውቅሃለሁና አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ከመጠይቁ ላይ አልቀዳሁትም። ከጻፍክልኝ ውስጥ ጉራ የትኛው ነው? አንድ መስመር ውሸት ሆኖ ከተገኘ ደብዳቤው በሙሉ ይጣላል። የፍሪጁም ነገር አብሮ ይሄዳል። ቶሎ ጻፍልኝ።

እህትህ


የካቲት 24 ቀን

ይድረስ ለእህቴ፤

ሰላምታዬ ይቅደም፤ ወቀሳሽ ይከተል። ስለ እኛ ብለሽ ማስጠንቀቂያ መቀበልሽን ለእናታችን ነግሬአታለሁ። "ታዲያ ማን አሳደጋት?" አለች።

ደብዳቤሽን ጮክ ብዬ አነበብኩላት። እኔ አንብቤ እናቴ ስትሰማ የመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ሁለት ቦታ ብቻ ተደናቀፍኩ። አምስት ቦታ። ከዚያ የቆዩትንም አምጣ አለች። ሁሉንም በተራ አነበብኩላትና ያ የግድግዳው ጥያቄሽ ጋ ስደርስ አፌን ይዤ ቆምኩ። ቃሉ ግን አልፎ ነበር፤ ሰማች።

"እሷ ነበረች እኮ የሰበረችው" አልኳት።

"አውቃለሁ።"

"ታውቂያለሽ?"

"ከበሩ ሥር እግሯ ይታየኝ ነበር፤ ኳሱም ከእግሯ ጎን።"

"ታዲያ ለምን ገረፍሽኝ?"

"ስለ መስታወቱ መሰለህ?" አለችኝና ሻርፗን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

ሃያ ስድስት ዓመት በጀግንነት ተገረፍኩ ብዬ ስኮራ ኖሬ፣ ይኸው።

በማግስቱ ሊቀመንበሩ ቤት ሄድኩ። ለአንቺ የጻፍኩልሽን ሁሉ ነገርኩት። የመዶሻው ጋ ስደርስ አልተቆጣም፤ ብቻ "አንተ ልጅ፣ እኔ እኮ እዚያው ነበርኩ" አለኝ። ለእንግዶቹ "ለአንድ አፍታ ውሃ ልጠጣ" ብሎ በኋላ በር ብቅ ያለው ያኔ ነው። እሱ ብቻ አይደለም ያየው። ሦስቱ ተሸካሚዎች አይተዋል፤ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ አይታለች፤ የቤቶቹ ረድፍ ግማሹ አይቷል። አጣሪዎችሽ ቢጠይቁ የሚዋሻቸው አንድ ሰው ብቻ ነው የነበረው። እኔ።

ሊቀመንበሩ ደግሞ "ስለ እኔ የጻፍከው ልክ ነው፤ ይቆይ" አለ። ሲመጡ ራሱ ይናገራል። ቁም ሳጥኑን ከእኛ ቤት አውጥተን ጤና ጣቢያው መተላለፊያ ላይ አቁመነዋል፤ ከፍሪጁ ጎን፣ ማንም ሳያሳያቸው ሁለቱን ባንድ ላይ እንዲያዩ። አሥራ አንዱም ቤቶች ባዶ ናቸው። ሲመጡ ባዶ ሆነው ይቆዩዋቸው ተባብለናል።

ስለዚህ ጥያቄሽን ልመልስ። ዝርዝሩ እውነት ነው። ሳሉ እውነት ነው። ፕላስተሩ፣ ብልቃጡ፣ ነርሷ ዓይኔን የሸሸችው፣ ሁሉም እንዳለ ነው። እናቴ መረቀችሽ ያልኩትም እውነት ነው፤ እንዲያውም አሳጥሬዋለሁ። ውሸቱ አንድ ነው፤ አለቃሽ ያሰመረበት። ይህን ደብዳቤ ስጪውና ያቺን መስመር ይሰርዛት።

ከአራተኛው ወደ አምስተኛው ቤት ስንሻገር ነበር። ልብስ ሰፊዋ የጓሮ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ታየናለች። የቁም ሳጥኑ መስታወት ውስጥ ሰማዩ፣ ረድፉ፣ እሷም ራሷ ይታያሉ፤ ያምራል። እንግዶቹ አራት ቤት ሙሉ ሲያደንቁት ሰምቼ ልቤ አብጦ ነበር። የኋሊት እየሄድኩ "እይው እንጂ ሥራዬን! እይው!" ብዬ ወደ እሷ ስዞር ተረከዜ የበሩን ደፍ መታ። ሸክሙ ዘመመ፣ ጥጉ ከመቃኑ ጋር ተጋጨ። ጠቅ አላለም፤ ጓ ነው ያለው። ሊቀመንበሩ ከአራተኛው ቤት በኋላ በር ብቅ ብሎ በዚያው ቅጽበት ጮክ ብሎ ሳለ።

መዶሻ አልነበረም። ሁለቱም እጆቼ ቁም ሳጥኑን ይዘው ነበር።

አናጢው